ዳኛው የማያውቁት ትእዛዝ

በሰሜን ምዕራብ ፍሎሪዳ የባሕር ጠረፍ፣ ካራቤል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የፍራንክሊን ማረሚያ ቤት ይገኛል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 2013 አንድ እስረኛ ከዚያ ግቢ በዋናው በር ወጣ። ሰው ገድሎ በአመክሮ የመፈታት ተስፋ የሌለው ዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት ሰው ነበር። አጥር አልዘለለም፤ ጉድጓድም አልቆፈረም። የማረሚያ ቤቱ ሠራተኞች ፋይሉን አገላብጠው፣ ወረቀቱን መርምረው፣ ራሳቸው በሩን ከፈቱለት። በ11ኛው ቀን፣ ኦክቶበር 8፣ ሌላ እስረኛ በዚያው በር ተከተለው። እሱም ነፍሰ ገዳይ ነው፤ የእሱም ፍርድ ዕድሜ ልክ ነበር።

በሁለቱም ፋይል ውስጥ ቅጣታቸው ወደ 15 ዓመት ዝቅ እንዲል የሚያዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ተያይዟል። ወረቀቱ የጎደለው ነገር አልነበረም። የዐቃቤ ሕግ ማመልከቻ አለው፣ የመዝገብ ቁጥር አለው፣ የኦሬንጅ ካውንቲ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ማኅተም አርፎበታል። ከግርጌው ደግሞ የዋና ዳኛው የቤልቪን ፔሪ ፊርማ አለ።

ዳኛ ፔሪ ግን ትእዛዙን አልሰጡም። ማመልከቻውም አልቀረበላቸውም፤ ፊርማውም የእሳቸው እጅ ሥራ አልነበረም። ሰነዱ ከአናቱ እስከ ግርጌው ፎርጅድ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለማመን ይከብዳል። በፍሎሪዳ ሕግ በከባድ ወንጀል ተቀጥቶ የወጣ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ራሱን ማስመዝገብ አለበት። ሁለቱም በየተራ ወደ ኦሬንጅ ካውንቲ እስር ቤት ሄደው አሻራ ሰጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ቅጽ ሞሉና ወጡ። በሰነድ ነጻ የተባለን ሰው ማንም አልጠረጠረም። ነገሩ የተነቃው ዘግይቶ ነው። የአንደኛው ተገዳይ ቤተሰብ የልጃቸው ገዳይ መፈታቱን ሰምተው ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ደወሉ። ቢሮው መዝገቡን ሲያወጣ በስሙ የገባው ማመልከቻ የራሱ እንዳልሆነ አወቀ። ኦክቶበር 19 ምሽት ላይ ሁለቱም በፓናማ ሲቲ ቢች ከአንድ ሞቴል ያለ ግርግር ተያዙ።

ከዚያ ወዲያ በየጋዜጣው የተነሣው ጥያቄ «የዳኛው ፊርማ እንዴት ተሰረቀ?» የሚል ነበር። መልሱ ቀላል ነው። ፔሪ እ.ኤ.አ. በ2011 መላው አሜሪካ በቴሌቪዥን የተከታተለውን የኬሲ አንቶኒ የግድያ ክስ የመሩ ዳኛ ናቸው። በዚያ መዝገብ የፈረሟቸው ትእዛዞች በኢንተርኔት ላይ ተበትነዋል። ፊርማውን ማግኘት የሚፈልግ ሰው ኮምፒውተር ከመክፈት ያለፈ ድካም የለበትም። ዳኛው ራሳቸውም ለጋዜጠኞች የተናገሩት ይህንኑ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው። ሰነዱ ከመዝገብ ቤት ወደ ማረሚያ ቤት፣ ከማረሚያ ቤት ወደ በሩ ሲጓዝ በመንገዱ ላይ ከነበሩት ሰዎች አንዱ እንኳ ስልክ አንሥቶ «ይህን ትእዛዝ ሰጥተዋል?» ብሎ ዳኛውን ያልጠየቀው ለምንድን ነው?

ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ሠራተኞቹን ሁሉ ሰነፍ አድርጎ መሳል እውነቱን ይሸፍናል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌላ ደብዳቤ የተለየ ጠባይ አለው። የተላከለት ሰው እንዲያመነታ አይፈቅድለትም። የባንክ ሥራ አስኪያጅ የእግድ ትእዛዝ ደርሶት ገንዘቡ እንዲወጣ ቢፈቅድ ይጠየቃል። ማረሚያ ቤት ፍታ የተባለውን እስረኛ አንድ ቀን ቢያሳድር ሕገወጥ እስራት ይሆንበታል። ፍርድ ቤትን መድፈር የሚባለው ወንጀል ከያንዳንዱ ትእዛዝ ጀርባ ቆሟል። ፎርጅድ ትእዛዝ የሚሠራ ሰው የሚጠቀምበት ይህንኑ ፍርሃት ነው። ፊርማውን አሳምሮ መገልበጥ ሁለተኛ ሥራው ነው፤ የመጀመሪያው ሥራው ተቀባዩ ለመጠየቅ እንደማይደፍር ማወቅ ነው።

ይህን ከማንም በላይ ጠንቅቃ የምታውቅ አንዲት ዐቃቤ ሕግ በኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ትሠራ ነበር። ሥራዋ ከባድ ወንጀሎችን መመርመር ነው፤ በሥራዋም የቴሌፎን ጠለፋ ትመራለች። የሰው ስልክ ለመጥለፍ የዳኛ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱም የሚጸናው ለ30 ቀን ብቻ ነው፤ መርማሪው መቀጠል ከፈለገ እንደገና ማስረጃ አቅርቦ እንደገና ማስፈረም አለበት። ሕጉ ይህን ያህል የተጠነቀቀው የሰውን የግል ንግግር ማድመጥ ቤቱን ከመበርበር የባሰ ጥልቅ ነገር ስለሆነ ነው።

ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. በ2015 አጋማሽ የአንድ መርማሪ ፖሊስና የአንዲት የሥራ ባልደረባዋን ስልክ መጥለፍ ጀመረች። ምክንያቷ የግል ነበር፤ ከፖሊሱ ጋር የነበራት ግንኙነት ነው። ለሥራ ጓደኞቿ ግን ምስጢራዊ ምርመራ ላይ ነኝ አለቻቸው። ፈቃድ የሚሰጣት ዳኛ እንደማይኖር ስለምታውቅ ፈቃዱን ራሷ አዘጋጀች። ዘዴዋ የሕፃናት የእጅ ሥራ ይመስላል። ዳኞች በእውነት ከፈረሙባቸው ሰነዶች ቅጂ ላይ ፊርማውን በመቀስ ቆርጣ ወሰደች፤ በሐሰተኛው ትእዛዝ ግርጌ በፕላስተር ለጠፈች፤ ከዚያ አባዛችው። በፎቶ ኮፒው ላይ መቀሱም ፕላስተሩም አይታዩም። የስልክ ኩባንያዎቹ ወረቀቱን ተቀብለው መስመሩን ከፈቱላት። በየ30 ቀኑም አዲስ ትእዛዝ፣ አዲስ ፊርማ፣ አዲስ ፕላስተር። ይህ እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ፈረደባት።

የብሩክሊኑ ታሪክ ከፍሎሪዳው ይልቅ ያስደነግጣል። በፍሎሪዳ ፊርማውን የሰረቁት እስረኞች ናቸው። በብሩክሊን የሰረቀችው ሕጉን እንድታስከብር የተሾመች ሰው ናት። የስልክ ኩባንያው ሠራተኛ ትእዛዙን ሲቀበል ከፊቱ የነበረው የዳኛ ፊርማ ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት ትክክለኛ ትእዛዝ ያመጣለት የነበረ ቢሮም ነው። ልማዱ ራሱ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ።

በዚያው ኒው ዮርክ አንድ የከበረ ድንጋይ ነጋዴ ደግሞ ሌላ መንገድ አገኘ። ስለ ድርጅቱ በኢንተርኔት የተጻፉ መጥፎ አስተያየቶች ገበያውን እየጎዱበት ነበር። አስቀድሞ በትክክለኛ ክስ ከፌዴራል ፍርድ ቤት ትእዛዝ አግኝቶ ጉግል አንዳንድ ገጾችን ከፍለጋ ውጤቱ አውጥቶለታል። አዳዲስ አስተያየቶች ሲመጡ ግን ወደ ፍርድ ቤት መመለሱን ተወው። የቀድሞውን ትእዛዝ በፎቶሾፕ ከፍቶ አድራሻዎቹን ለወጠና የዳኛውን ፊርማ እንዳለ አስቀርቶ ለጉግል ላከ። ይህን ደጋግሞ ካደረገ በኋላ ተነቃበት። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የዳኛን ፊርማ ወይም የፍርድ ቤትን ማኅተም መፈብረክ እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ነጋዴው ጥፋቱን አመነ፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የ9 ወር እስራት ተፈረደበት።

እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንድ ሰው ጥፋት ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። በወቅቱ በሎስ አንጀለስ የሕግ ፕሮፌሰር የነበሩት ዩጂን ቮሎክ ለጉግልና መሰል ኩባንያዎች የተላኩ ትእዛዞች ቅጂ የሚከማችበትን ሉመን የተባለ የመረጃ ቋት ሲመረምሩ በርካታ ሐሰተኛ ትእዛዞች አገኙ። የምርመራ ዘዴያቸው የእጅ ጽሕፈት ምርምር አልነበረም። በትእዛዙ ላይ የተጻፈውን የመዝገብ ቁጥር ይዘው ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ሄዱ። አንዳንዱ ቁጥር ፈጽሞ የሌለ ነበር፤ ሌላው ደግሞ የማይገናኝ ሰው ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ፊርማው ምንም ያህል እውነተኛ ቢመስል መዝገቡ አጋለጠው።

ጉዳዩን የምንረዳበት ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሰው ሦስቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንደኛው ዳኛው የወሰነው ውሳኔ ነው። ሁለተኛው ያ ውሳኔ ተጽፎና ተፈርሞ በመዝገቡ ውስጥ የሚቀመጠው ዋናው ሰነድ ነው። ሦስተኛው ለባለጉዳዩ፣ ለባንኩ፣ ለፖሊሱ የሚሰጠው ግልባጭ ነው። ሰው እጅ ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ሦስተኛው ነው። የዳኛው እጅ የነካው ግን ሁለተኛውን ነው።

የኢትዮጵያን የሰበር ችሎት ውሳኔዎች ያነበበ ሰው ይህን በዐይኑ አይቶታል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያሳተማቸው ቅጾች ውስጥ ውሳኔዎቹ የሚዘጉት «የማይነበብ የአምስት ዳኞች ፊርማ አለበት» በሚል ማስታወሻ ነው። በሥር ፍርድ ቤት ግልባጭ ላይ እንደ ችሎቱ አቀማመጥ የሦስት ወይም የአንድ ዳኛ ይባላል። የሕግ ተማሪዎች በመጀመሪያ ዓመታቸው ይህን አይተው ፈገግ ይላሉ፤ ማስታወሻው የያዘው ቁም ነገር ግን ትልቅ ነው። ግልባጩ ራሱ ፊርማ አልያዘም። ፊርማ ያለው ሌላ ቦታ፣ ዋናው መዝገብ ላይ እንደሆነ ይመሰክራል። የዚህን ምስክርነት እውነተኛነት የሚያረጋግጠው «ትክክለኛ ግልባጭ ነው» ብሎ ስሙን በቲተር አድርጎ፣ ፈርሞ፣ ክብ ማኅተም የሚያሳርፈው የሬጅስትራር ሠራተኛ ነው። ባለጉዳዩ የዳኞቹን ፊርማ በእጁ ባለው ወረቀት ላይ ሲያጣ ተጭበርብሬያለሁ ብሎ ሊሠጋ ይችላል። ያጣው ፊርማ ግን መሆን ባለበት ቦታ አለ።

በጀርመን ይህ ሥጋት ወደ ፖለቲካ ንቅናቄ አድጓል። ራይኽስቡርገር የሚባሉት ሰዎች የዛሬዋ ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ ሕጋዊ መንግሥት አይደለችም ብለው ያምናሉ። የአገሪቱ የውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ቁጥራቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 23,000 ገምቶታል። የመቀጫ ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲደርሳቸው ብዙ ጊዜ የሚያነሡት መከራከሪያ «ዳኛው በእጁ አልፈረመበትም፤ ስለዚህ ከንቱ ወረቀት ነው» የሚል ነው። ወረቀቱን አይቶ የሚፈርድ ሰው እውነት አላቸው ሊል ይችላል። በእጃቸው የገባው ሰነድ የዳኛውን ስም በኅትመት ይዞ፣ በችሎቱ ጸሐፊ የተረጋገጠ ብቻ ነው።

ሕጉን ለሚያነብ ግን ነገሩ የተለየ ነው። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 315 ፍርዱን የሰጡት ዳኞች እንዲፈርሙበት ያዛል፤ ግዴታው በዋናው ሰነድ ላይ ነው። አንቀጽ 317 ደግሞ ለተከራካሪዎች የሚደርሳቸው የተረጋገጠ ቅጂ መሆኑን ይናገራል። የአገሪቱ ፍርድ ቤቶች ስለ ዋናው ፊርማ ግን ቀልድ አያውቁም። ፊርማው ባይነበብም ግድ የለም፤ የአንድ የተወሰነ ሰው እጅ መሆኑ የሚታወቅ፣ ሙሉ ስሙን ለመጻፍ ያሰበ ሰው የጫረው መሆን አለበት። በስም መነሻ ፊደሎች ብቻ ጫር አድርጎ ማለፍ አይበቃም። መዝገቡ በኤሌክትሮኒክስ ሲሆን ዳኛው ስሙን ከግርጌ አስፍሮ በዲጂታል ፊርማ ያትመዋል። ስለዚህ በዚያች አገር የዳኛ ፊርማ ጉድለት ከባድ ነገር ነው። ራይኽስቡርገሮቹ የሚሳሳቱት ፊርማውን የሚፈልጉበትን ቦታ ነው።

እንግሊዝ ደግሞ ከፊርማ ይልቅ ማኅተምን ታምናለች። በዚያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ትእዛዙ የሰጠውን ዳኛ ስምና ማዕረግ፣ ቀኑን እና የፍርድ ቤቱን ማኅተም መያዝ አለበት፤ የእጅ ፊርማ አይጠይቅም። ያም ሆኖ የማዘጋጃ ቤት ግብር ያልከፈሉ ሰዎች «በቀለም የተፈረመበት ዋናው ካልመጣ አልከፍልም» ብለው ለዓመታት ይጽፋሉ። ፍርድ ቤቶቹ በተደጋጋሚ ውድቅ አድርገውባቸዋል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ዕዳ ያናወዛቸው ድሆች ናቸው። መከራከሪያውን በቪዲዮና በወረቀት ያቀበሏቸው ሰዎች ዋጋውን አይከፍሉም፤ የፍርድ ቤቱና የአስፈጻሚው ወጪ የሚጨመረው በባለዕዳው ላይ ነው።

ለማኅተም ማደር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአጼዎቹ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ደብዳቤ ላይ ሲሰፍር የሚታመነው በሞዓ አንበሳ ማኅተሙ ነው። ማኅተሙን የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዙ ነበር፤ በምኒልክ ቤት ይህን ሹመት ይዘው የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። በኋላም በነጋሪት ጋዜጣ የወጡ አዋጆች ግርጌ የጽሕፈት ሚኒስትሩ ስም ይታያል። ንጉሡ ያሉትን ሁሉም አይሰማም፤ «ብለዋል» ብሎ የሚያረጋግጥ፣ ቢዋሽ የሚጠየቅ የታወቀ ሰው ግን ነበረ። ዛሬ ሬጅስትራሩ የሚሠራው ያንን ነው።

ፊርማው በግልጽ በዋናው ላይ ባለበትም ቢሆን ክርክር አይጠፋም። ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1649 የእንግሊዙን ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስን ለሞት የዳረገው ትእዛዝ ነው። 59 ዳኞች ፈርመውበታል፤ ከያንዳንዱ ስም ጎን በቀይ ሰም የታተመ ማኅተም አለ። ብራናው ዛሬም አለ፤ በላዩ ተፍቀው እንደገና የተጻፉ ቦታዎች ስላሉ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ አዘገጃጀቱ እስካሁን ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ1660 የንጉሡ ልጅ ዙፋኑን ሲይዝ ፈራሚዎቹ መታደን ጀመሩ። ከእነሱ አንዱ ሪቻርድ ኢንጎልድስቢ የንጉሡን ዋነኛ ባላንጣ አንሥቶ «ክሮምዌል እጄን ይዞ በግድ አስፈረመኝ» አለ። ፊርማውን ያዩ ሰዎች ግን የተጎተተ እጅ ምልክት አላገኙበትም፤ የተረጋጋ፣ ጥርት ያለ ጽሕፈት ነው። ሰውየው ምሕረት አገኘ። ምሕረቱን ያገኘው ግን ለአዲሱ ንጉሥ ስላደረገው አገልግሎት ነው እንጂ ስለ ፊርማው የተናገረው ተፈትሾ እውነት ስለሆነ አይደለም።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከፍርድ ቤት የሚወጣ የማስፈጸሚያ ጽሑፍና መጥሪያ የፍርድ ቤቱን ማኅተምና የጸሐፊውን ፊርማ መያዝ አለበት። ይህ የቆየ ሕግ የወጣው ማኅተም ለመቅረጽ ባለሙያ አንጥረኛ በሚያስፈልግበት ዘመን ነው። ዛሬ ፍርድ ቤቶች ግልጽነትን ብለው ትእዛዞቻቸውን በኢንተርኔት ሲለቁ የዳኛውን ፊርማና የማኅተሙን ምስል አብረው ይለቃሉ። ሕዝብ ፍርዱን ማንበቡ መልካም ነው፤ ሊቀርም አይገባም። ነገር ግን ፊርማ እንደ ምስል ለሁሉም ከተሰጠ በኋላ እንደ ማረጋገጫ ማገልገሉን እንዲቀጥል መጠበቅ አይቻልም።

ከፍሎሪዳው ጉዳይ በኋላ የግዛቱ ማረሚያ ቤቶች መሥሪያ ቤት ለዳኞች ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ቅጣት ቀንሶ እስረኛ ቀድሞ እንዲወጣ የሚያደርግ ትእዛዝ ሲመጣ ከመዝገብ ቤቱ ይሁንታ በተጨማሪ ዳኛው ራሳቸው እንዲጠየቁ ተወሰነ። ይህ ቀላል እርምጃ ነው፤ ቢኖር ኖሮ ሁለቱ ሰዎች ከግቢው ባልወጡ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን በፍሎሪዳ መዝገቡም መበከሉን ነው። ሐሰተኛው ትእዛዝ በመዝገብ ቤቱ በኩል በተለመደው መንገድ አልፏል፤ ስለዚህ መዝገብ ማየት ብቻውን ባልበቃ ነበር። የዳኛውን አፍ መስማት አስፈልጓል።

በዋሽንግተን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሉ ሮን ዋይደን ከሁለቱም ፓርቲዎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ፍርድ ቤቶች በትእዛዞቻቸው ላይ በምስል የማይገለበጥ ዲጂታል ፊርማ እንዲጠቀሙ የሚያስገድድ ነበር። መነሻው ሐሰተኛ የጠለፋ ትእዛዝና ለኢንተርኔት ኩባንያዎች የተላኩ ፎርጅድ ወረቀቶች ናቸው። በዚያ የምክር ቤት ዘመን ሳይጸድቅ ቀረ። ሲንጋፖር ግን ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ይህን በተግባር አድርጋዋለች። በዚያ የሚወጣ ትእዛዝ ኪውአር ኮድ አለው፤ የተላከለት ባንክ ወይም ግለሰብ በስልኩ አንብቦ በፍርድ ቤቱ ሥርዓት ውስጥ የተቀመጠውን ዋናውን ያያል። በእጁ ያለው ወረቀት ላይ አንዲት ቁጥር ተቀይራ ከሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የዳኛው ፊርማ ይመስላል አይመስልም የሚለው ጥያቄ ዋጋ ያጣል።

ማጣራት ግን የራሱ አደጋ አለው፤ በአገራችን ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ፍርድ ቤት በዋስ እንዲፈታ ያዘዘለት ተጠርጣሪ «ትእዛዙ አልደረሰንም»፣ «እያጣራን ነው» እየተባለ ቀናትና ሳምንታት በጣቢያ ይቆያል። ቤተሰቡ ግልባጩን በእጁ ይዞ ከጣቢያ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ጣቢያ ይመላለሳል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የዋስትና ትእዛዝ አለመከበሩን በመግለጫዎቹ ደጋግሞ ነቅፏል። እንዲህ ያለው «ማጣራት» የፊርማውን እውነተኛነት ለማወቅ የሚደረግ ጥረት አይደለም፤ ዳኛው ያሉትን ላለመስማት የሚደረግ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ገደብ ያስፈልገዋል። ትእዛዝ የደረሰው ሰው የመጠየቅ መብት አለው፤ የሚጠይቀው ግን በዚያው ቀን፣ በታወቀ ስልክ፣ ለታወቀ ሰው መሆን አለበት። የሚጠራጠርበትንም ምክንያት በጽሑፍ ያስቀምጥ። መልሱ «አዎ፣ ትእዛዙ የኛ ነው» ከሆነ በዚያው ሰዓት በሩ መከፈት አለበት።

ይህን ለማድረግ ደግሞ ከፍርድ ቤቱ በኩል ስልክ የሚያነሣ ሰው መኖር አለበት። በብዙ ቦታ ያለው ክፍተት እዚህ ላይ ነው። በሸኚ ደብዳቤው ላይ ያለው ስልክ ካልሠራ፣ የሬጅስትራሩ ቢሮ ከሰዓት ከተዘጋ፣ የወረዳው ሠራተኛ ያለው ምርጫ ወረቀቱን ማመን ወይም ባለጉዳዩን ማጉላላት ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ሁሉም ሊያደርገው ይችላል። ቁጥሩን ከመጣው ወረቀት ላይ አይውሰድ። ሐሰተኛ ትእዛዝ የሠራ ሰው ሐሰተኛ ስልክ ቁጥር መጻፍ አያቅተውም፤ ቁጥሩ መፈለግ ያለበት በሌላ መንገድ ነው።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ሁሉ የሚያገኙት በአንድ ጉዳይ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የፍቺና የንብረት ክፍፍል ፍርድ ያገኘች ሴት ፍርዱን አዲስ አበባ ላይ ማስፈጸም ስትፈልግ በፍርዱ ግርጌ ያለው የአሜሪካዊው ዳኛ ፊርማ ብቻውን አያዘልቃትም። አዲስ አበባ ያለው ችሎት ያንን ፊርማ አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አይችልም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ውጭ አገር ፍርድ አፈጻጸም ከአንቀጽ 456 ጀምሮ ይደነግጋል። አመልካቹ የፍርዱን የተረጋገጠ ግልባጭ እንዲያቀርብ፣ ከእሱም ጋር ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል መሆኑን የሚገልጽ፣ የፈረደው ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ወይም ሬጅስትራር የፈረመበት የምስክር ወረቀት እንዲያያይዝ ይጠይቃል። ያ ምስክር ወረቀት ሲሟላም ችሎቱ ሌሎች ሁኔታዎችን ይመረምራል፤ ከነሱ አንዱ የፈረደው አገር የኢትዮጵያን ፍርድ በተራው ይፈጽማል ወይ የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ፍርዱን በኢሜይል ተቀብሎ፣ በቤቱ ማተሚያ አትሞ፣ በሰው እጅ ይልካል። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ሕጉ የሚጠይቀው ማረጋገጫ ስለሌለው መልሶ ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ጉዳዩ ከተዘጋ ዓመታት ካለፉ የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ እንደገና ማግኘት፣ የተቀመጠ ፋይል ማስወጣት፣ ክፍያ መክፈል ይመጣል። ፍርዱ በተነበበበት ሳምንት፣ ጠበቃውም ጸሐፊውም ጉዳዩን በሚያስታውሱበት ጊዜ፣ የተረጋገጠውን ግልባጭና የመጨረሻነቱን ምስክር ወረቀት አብሮ መጠየቅ ይሻላል።